ኑዛዜው ነበረ፤ የጎደለው አንድ መስመር ነው

የአባቴ የቅርብ ጓደኛ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሲያርፉ 74 ዓመታቸው ነው። ልጅ አልወለዱም። ከባለቤታቸው ጋር ግን 31 ዓመት ኖረዋል። እሳቸውን እትዬ እንላለን። ቤታቸው ቡና ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፋበት ቤት ነበር።

ጋሼ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የመብራት ደረሰኝ እንኳ በየዓመቱ ለይተው በሲባጎ ያስራሉ። ኑዛዜም ጽፈዋል። ሰልስቱ እንዳለፈ እትዬ ከቡፌው ውስጥ፣ ከስኳር ቆርቆሮው ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ከደብተር የተቀደደ ሁለት ቅጠል። የጻፈው የሰፈር ራፖር ጸሐፊ ነው። ጋሼ ፈርመዋል። አራት ምስክሮችም ፈርመዋል፤ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ገንዘብ ያዡ፣ አንድ መሪጌታና የጥጉ ባለሱቅ። ቤታቸውን፣ የቤት ዕቃቸውንና ባንክ ያለውን ገንዘብ ለባለቤታቸው ተናዘዋል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለውም።

የጋሼ ሁለት ወንድሞች ፍርድ ቤት ሄዱ። ኑዛዜው ወደቀ።

ፊርማው የሳቸው አይደለም ያለ ሰው የለም። ምስክሮቹም አልካዱም። ወረቀቱ ላይ ግን «ይህ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚል መስመር አልነበረም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 881 ይህን መስመር ይፈልጋል። ካልተጻፈ ኑዛዜው ፈራሽ ነው ይላል። በዚያች በአንዲት መስመር ምክንያት እትዬ 31 ዓመት የኖሩበትን ቤት ከባላቸው ወንድሞች ጋር እኩል ለመካፈል ተገደዱ። ቤት ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም። ተሸጠ።

ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ሁለት ዓይነት መልስ ነው የማገኘው። አንዱ «ወንድሞቹ ጨካኞች ናቸው» ይላል። ሌላው «ሚስት እያለች ወንድም እንዴት ይወርሳል?» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ጥያቄ። ብዙ ሰው ኑዛዜ የማይጽፈው ሕጉ ራሱ የልቡን የሚሠራለት ስለሚመስለው ነው። አይሠራለትም። ሕጉ የራሱ መንገድ አለው፤ ያ መንገድ ደግሞ ብዙዎቻችን ከምናስበው የተለየ ነው።

ሕጉ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። አርቃቂው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነበር። የቤተሰብ ክፍሉ በ1992 ዓ.ም. ተለውጧል። የውርሱ ክፍል ግን ዛሬም የሚሠራው ያው የጃንሆይ ዘመኑ ነው። ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ እኩል በእኩል። ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ብሎ ነገር የለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውም፣ የጉዲፈቻ ልጁም ያው ልጅ ነው። ለቅሶ ላይ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ልጅ ብቅ ሲል ቤተሰቡ ይደነግጣል። ሕጉ አይደነግጥም። ልጅነቱን ካስመሰከረ ድርሻው እንደ ሌሎቹ ነው። ከወላጁ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ደግሞ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ገብተው ይወርሳሉ።

ልጅ ከሌለ ወደ አባትና እናት ይሄዳል። እነሱም ከሞቱ ልጆቻቸው ይተኳቸዋል፤ ማለትም የሟች ወንድሞችና እህቶች። እነሱም ከሌሉ ወደ አያት፣ ከዚያ ወደ ቅድመ አያት። ማንም ካልተገኘ መንግሥት ይወስዳል።

ዝርዝሩን እንደገና ይዩት። ባልና ሚስት የሉበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንባጓሮ ያነሳብኛል። «ግማሹ የሷ አይደለም ወይ?» ነው። ነው። ግን ያ ውርስ አይደለም፤ የራሷ ንብረት ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ስለሆነ፣ ጋብቻው በሞት ሲያበቃ ግማሿን ይዛ ትወጣለች። ለወራሾች የሚቀርበው የቀረው ግማሽ ነው። ከዚያ ላይ ሕጉ ለሚስት ወይም ለባል የሚሰጠው ድርሻ ዜሮ ነው። ልጆች ካሉ ነገሩ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ልጆቹ እናታቸውን ከቤት አያስወጡም፤ ቢያንስ ትዳር እስኪይዙ ድረስ። ልጅ ከሌለ ግን እንደ እትዬ ነው። ቤቱ ደግሞ ከጋብቻ በፊት የተገዛ ከሆነ የባሰ ነው። ያ የሟች የግል ንብረት ነውና ሚስት ግማሿንም ላታገኝ ትችላለች።

በሸሪዓ ሌላ ነው። ሙስሊም ባልና ሚስት በደንብ ያውቁታል። ባል ልጆች ትቶ ከሞተ ሚስት ስምንት አንድ፣ ልጅ ከሌለው አራት አንድ ታገኛለች። ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። በኑዛዜ ማስተላለፍ የሚቻለውም ከሲሶ አይበልጥም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የውርስ ጉዳይ እንዲያዩ ሕገ መንግሥቱም፣ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ይፈቅዳል። ተከራካሪዎቹ ግን መስማማት አለባቸው። አንዱ ወራሽ አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ያኔ ስምንት አንዱም ይቀራል። «እኛ በሸሪዓ ነው የምንካፈለው» ብሎ የተቀመጠ ቤተሰብ ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው።

እንግዲህ ሕጉ ዝም ብሎ ሲተው የሚሆነው ይህ ነው። ካልጣመን በኑዛዜ መለወጥ እንችላለን። ቃሉ ራሱ ግን ያስፈራል። በእኛ አፍ ኑዛዜ ለነፍስ አባት ኃጢአት መናገርም ነው፣ ንብረት ማከፋፈልም ነው። ሁለቱም ከአልጋ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንድ ጤነኛ የ40 ዓመት ሰው «ልናዘዝ ነው» ቢል ሚስቱ «ምን ሐኪም ቤት ሄደህ ነበር?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይገፋል። በመጨረሻው ሰዓት የሚቀረው ደግሞ የቃል ኑዛዜ ነው።

የቃል ኑዛዜ ዋጋው ስንት ነው? 500 ብር። ቀልዴን አይደለም። ሰው ሞቱ ሲቃረብ ለሁለት ምስክሮች በቃሉ የሚናገረው ኑዛዜ የተፈቀደው ለሦስት ነገር ብቻ ነው። ስለ ቀብሩ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪ ወይም ሞግዚት ስለመሰየም፣ ሦስተኛው እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታ። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ደህና ገንዘብ ነበር። ዛሬ በዚያ ብር ምን እንደሚገዛ አንባቢ ያውቃል። ቁጥሩ ግን አልተነካም። ተናጋሪው ከሦስት ወር በኋላ በሕይወት ካለ ደግሞ ያ ቃል ይከስማል። ስለዚህ «አባባ አልጋው ላይ ሆነው ቤቱን ለእኔ ብለውኛል፣ አክስቴም ሰምታለች» የሚል ክርክር እንባ ያስወጣ እንደሆነ እንጂ ቤት አያስገኝም።

ቀሪዎቹ ሁለት የኑዛዜ ዓይነቶች የጽሑፍ ናቸው። አንዱ ሰው በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ይህ ምስክር አያስፈልገውም። ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በእጁ መሆን አለበት። ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበታል፣ ቀን ይኖረዋል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈረማል። ልጁ ኮምፒውተር ላይ ጽፎ አትሞለት እሱ ከታች ቢፈርም በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ አይባልም። ሌላም ወጥመድ አለው። በ7 ዓመት ውስጥ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይከስማል። በ50 ዓመቱ ጽፎ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስቀመጠው በ60 ዓመቱ ሲሞት ባዶ ወረቀት ነው የተወው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ! የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ የጻፉትን ኑዛዜ አሳይተውኝ ቀኑን ስናይ 9 ዓመት አልፎታል። «እንደ ወተት ይበላሻል እንዴ?» አሉኝ። ይበላሻል።

ሁለተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ የጋሼ ዓይነቱ። ራሱ ተናዛዡ ቢጽፈው፣ ሌላ ሰው እሱ እየነገረው ቢጽፈው ችግር የለም። ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ይጻፋል። ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። «ወዲያው» የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም። አንዱ ምስክር ዛሬ፣ ሌላው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ከፈረመ ለክርክር በር ተከፈተ ማለት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ አራቱ ቀርቶ ሁለት ይበቃል። ሰው ወደ ውልና ማስረጃ የሚሄደው ለዚህም ነው። አሁን ስሙ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ሆኗል፤ ታክሲ ውስጥ ግን «ውልና ማስረጃ ወራጅ አለ» እንጂ ሌላ ሲባል አልሰማሁም።

ምስክር ሲመረጥ ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ባይሆን ይሻላል። ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚሰማ መሆንም አለበት። ጎልማሳ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነው። የጋሼ መሪጌታ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በሕይወት አልነበሩም።

ባልና ሚስት በተለይ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። ተፋቅረው የኖሩ ሰዎች ናቸውና በአንድ ወረቀት ላይ «እኛ ባልና ሚስት፣ ከሁለታችን ቀድሞ የሞተው ለሌላው» ብለው አብረው ይጽፋሉ። የሚያምር ነገር ነው። ቁጥር 858 ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኑዛዜ የአንድ ሰው የግል ፈቃድ ነው፣ ነገ ቢፈልግ ይሽረዋል፤ የሌላ ሰው ፊርማ ያለበትን እንዴት ብቻውን ይሽራል? ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ኑዛዜ። ፍቅሩ በዚያ አይቀንስም።

ልጅን ከውርስ ስለ መንቀልም ልናገር። «ነቅዬሃለሁ!» የተናደደ አባት የሁልጊዜ ቃል ነው። ለወንድም ለእህት ከሆነ በኑዛዜ ስማቸውን ሳያነሱ ማለፍ ይበቃል። ለልጅ ግን አይበቃም። ልጁን ነቅያለሁ ብሎ በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም መጻፍ ያስፈልጋል። ዳኛው ደግሞ ያ ምክንያት ልጅ ለመንቀል በቂ ነው ወይ ብሎ ይመዝናል። «አላከበረኝም» ብሎ ጽፎ ማለፍ አደገኛ ነው። የልጆች ድርሻ በጣም ከተዛባም ቅር ያለው ልጅ ክስ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ሀብቱን ሁሉ ለአንዱ ልጅ ሰጥቶ ሌሎቹን በዝምታ ማለፍ የሚያስበው ሰው መጀመሪያ ጠበቃ ቢያናግር ይሻለዋል።

የተጻፈ ኑዛዜ ደግሞ አንዴ ተጽፎ የሚረሳ አይደለም። ከተፋቱ ለቀድሞ ሚስት ወይም ባል የተተወው ይከስማል። ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ሲወለድም ነገሩ ሊናጋ ይችላል። ትዳር፣ ፍቺ፣ ልጅ፣ አዲስ ቤት፤ ከነዚህ አንዱ ሲመጣ ወረቀቱን አውጥቶ ማየት ነው።

አሁን ወደ ንብረቱ ልግባ። ሰው «ያለኝ ይህ ነው» ብሎ የሚያስበውና በሕግ ፊት የሱ የሆነው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ካርታው በባል ስም ስለወጣ ቤቱ የባል አይሆንም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሁሉ፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ባል «ቤቴን ለታናሽ ወንድሜ» ብሎ ቢናዘዝ መስጠት የሚችለው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። ያለ ጋብቻ አብሮ የኖረም ቢሆን፣ እንደ ባልና ሚስት 3 ዓመት ከሞላው በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ይህ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። መሬቱም የግል አይደለም። ከተማ ውስጥ የሚወረሰው ቤቱና በመሬቱ የመጠቀም መብቱ ነው። ገጠር ያለው የእርሻ ይዞታ ደግሞ ለማን እንደሚተላለፍ በገጠር መሬት ሕጎች ይወሰናል። አዲስ አበባ ተቀምጦ የአያቱን የገጠር መሬት እወርሳለሁ የሚል የከተማ ልጅ መጀመሪያ የአካባቢውን የመሬት ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በሌላ ሰው ስም የተሠራ ቤት ነው። ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ የኖረች ሴት አስቡ። በየወሩ ለወንድሟ ትልካለች። ወንድሟ መሬት ይገዛል፣ ቤት ይሠራል። ካርታው በሱ ስም ይወጣል። እሱ ሌባ አይደለም፤ እሷ ስለሌለች ነው። ከዚያ በድንገት ይሞታል። ልጆቹ ወራሽ ናቸው። ሚስቱ የጋብቻ ግማሽ አለኝ ትላለች፤ ሕጉም መጀመሪያ የሚያምነው እሷን ነው። ገንዘቡን የላከችው እህት በእጇ ያለው ምንድን ነው? የሐዋላ ደረሰኝ፣ ካልጠፋ። «ቤቱን ሠርቼልሻለሁ» የሚል የቫይበር ድምፅ። እህትና ወንድም ተማምነው ነበር። እሱ በሕይወት እያለ ቤቱ የሷ መሆኑን የሚገልጽ ሰነድ ወይም በስሟ የተደረገ ዝውውር ቢኖር አንድ ነገር ነበር። ወንድም ማመን ጥሩ ነው። የወንድም ሚስትና ልጆች ግን የገቡት ቃል የለም።

የውክልናም ነገር እንዲሁ ነው። ዲያስፖራው በኤምባሲ በኩል «የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ ስም የማዛወር» ሙሉ ውክልና ይልካል። ብዙ ቤተሰብ ውክልናውን እንደ ኑዛዜ ያየዋል፤ «ለሱ ውክልና ሰጥቼዋለሁ፣ ብሞትም እሱ ያውቃል።» ውክልና ግን የሰጪው ጥላ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ተወካዩ ከቀብር በኋላ ቤቱን ቢሸጥ ያ ሽያጭ ቤተሰቡን ለዓመታት ፍርድ ቤት ሊያመላልስ ይችላል። ገዢውንም ጭምር።

አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችን ሌላ መልክ ያለው ችግር አለባቸው። ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ግብሩን ነው። የፌዴራሉ የውርስ ግብር በ2026 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው እስከ 15 ሚሊዮን ዶላር ድረስ አይነካም። ሜሪላንድ የራሷ አላት፤ የሷ ወለል 5 ሚሊዮን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ገዝቶ ኡበር የሚነዳ ሰው በዚህ እንቅልፍ ማጣት የለበትም። ማየት ያለበት ሥራ ሲጀምር የሞላትን አንዲት ቅጽ ነው። የጡረታ ቁጠባውና የሕይወት መድን የሚከፈለው ኑዛዜው ላይ ለተጻፈው ሳይሆን ቅጹ ላይ በተጠቃሚነት ለተመዘገበው ነው። ከ15 ዓመት በፊት የሞላው ቅጽ ላይ የተፋታት ሚስቱ ስም ካለ፣ ሌላም ካላገባ፣ የመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ቁጠባ ለሷ ሊከፈል ይችላል። ኑዛዜው ላይ «ሁሉንም ለእናቴ» ቢልም። ትንንሽ ልጆች ያሉት ደግሞ አሳዳጊያቸው ማን እንዲሆን እንደሚፈልግ መጻፍ አለበት። ይህን ማንም ለሌላ ሰው ገምቶ አይጽፍለትም። አዲስ አበባ ያለውን ቤት በተመለከተ ግን የሜሪላንድ ጠበቃ ብዙ አይረዳውም። የዚህ ቤት ጉዳይ በዚህ አገር ሕግ፣ በዚህ አገር ፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው።

እኛም አገር ከውርሱ ውጭ የሚሆን ገንዘብ አለ። የሕይወት መድን ተጠቃሚው በስም ከተጠቀሰ ገንዘቡ የውርስ ሀብት ውስጥ አይገባም። በሞቱ ምክንያት ለባል፣ ለሚስት ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሳም እንዲሁ። ሚስት ከውርስ ዜሮ ናት ባልኩበት አገር ይህ ትንሽ አይደለም። ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ቢያስቡበት አይከፋም።

በሕይወት እያሉ መስጠትም አለ። «ሞቴን ለምን ይጠብቃሉ፣ ዛሬውኑ ልስጣቸው» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ቤት በስጦታ ሲሰጥ አሰጣጡ እንደ ግልጽ ኑዛዜ ነው፤ ያው ጽሑፍ፣ ያው ምስክር፣ ያው መነበብ። ፎርሙ አይደለም እኔን የሚያሳስበኝ። ኑዛዜ ይሻራል። ስጦታ መመለስ ግን ጣጣ ነው። ሳሎኑን ለልጃቸው ለቀው ሰርቪስ ቤት የገቡ እናት አይቻለሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሚስት አገባ፣ ልጅ መጣ፣ ቤቱ ጠበበ። በኔ ግምት ሽማግሌ ሰው የሚተኛበትን ቤት መስጠት የለበትም። ይናዘዝ።

ሰው ከሞተ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። ባንኩ ሞቱን ካወቀ ሒሳቡን ይዘጋል። ወራሾች የሞት የምስክር ወረቀት፣ የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ ይዘው ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማስረጃ የሚጠየቀው በከተማው ፍርድ ቤት ነው። ክርክር ካለ ወይም ሀብቱ ከተዘበራረቀ ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ያለውን ይቆጥራል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ የቀረውን ያከፋፍላል። ቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ለሟች እንደሚገባው መጠን። እዚህ ላይ ሕጉ አንድ ቃል ጨምሯል፤ ተዝካር አይቆጠርም። ሬኔ ዳቪድ ተዝካርን ከየት እንዳወቀው እንጃ፤ ድንኳንና በሬ ዕዳ እንደሚያመጣ የነገረው ሰው ግን ሳይኖር አልቀረም። ስለዚህ ለአርባው የተበደረው ልጅ «ከውርሱ ይቀነስልኝ» ቢል በቀብር ወጪ ስም አይሆንለትም።

የወረሰ ሰው ለመንግሥት የውርስ ግብር አይከፍልም። ስም ሲያዛውር የአገልግሎትና የመሳሰለው ክፍያ አለ፤ ያ ብቻ ነው። የውርስ ወጪው ጠበቃና ጊዜ ነው። ድርሻውን ሌላ ወራሽ ይዞበት የዘገየ ሰውም መብቱንና መያዙን ካወቀ 3 ዓመት ካለፈው ይርጋ፣ ማለትም «የመክሰሻ ጊዜህ አልፏል» የሚል መቃወሚያ፣ ሊነሳበት ይችላል። «ለቅሶው ይብረድ» እያሉ ዓመት ማሳለፍ ይሉኝታ ያለበት ሰው ልማድ ነው። ይርጋ ግን ይሉኝታ አያውቅም።

ሰው ምን ይዞ ይነሳ ቢሉኝ ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት አንድ ወረቀት ቁጭ ብሎ ይጻፍ እላለሁ። የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቅርንጫፍ። አክሲዮን የገዛው የት ነው? ካርታው ዋናው የት ነው ያለው? ማን ያበድረው ነበር፣ እሱስ ማንን አበድሯል? እቁቡ ስንት ቀረው? እድሩ ላይ የተመዘገበው ማን ማን ነው? ስሙ መታወቂያው ላይ፣ ካርታው ላይና ባንክ ላይ አንድ ዓይነት ነው ወይስ አንዱ ጋ ኃይለማርያም ተብሎ ሌላው ጋ ኃ/ማርያም ነው? በዚህች ስም ልዩነት ብቻ ስንት ወራሽ ወረዳ እንደተመላለሰ! በሽማግሌ ተጋብቶ የጋብቻ ወረቀት ያላወጣም አሁን፣ ሁለቱም በሕይወት እያሉ ያውጣ። ሚስትነትን ከሞት በኋላ በምስክር ማስረዳት ለባልቴት ከባድ ነው፤ በተለይ ወንድሞቹ «ሠራተኛው ነበረች» ማለት ሲጀምሩ። ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህን ወረቀት የሞላ ሰው ውልና ማስረጃ ሲሄድ ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ጠበቃ የሚያስፈልገው ሀብቱ ድርጅት ያለው፣ ሁለት ትዳር ያለው፣ ልጅ የሚነቅል ወይም ንብረቱ ሁለት አገር የሆነ ነው። ቀሪው ሰው በአንድ ጠዋት ይጨርሳል።

እትዬ ከቤቱ ሽያጭ በደረሳቸው ግማሽ ኮንዶሚኒየም ገዙ፤ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ደረጃው ያደክማቸዋል። ባለፈው ዓመት ደወሉልኝ። አብራቸው ላደገችው የእህታቸው ልጅ መናዘዝ ፈልገዋል። ምስክር እንድሆን ሄድኩ። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ልጅ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «እማማ፣ ከምን ልጀምር?» አላቸው። ከቦርሳቸው የታጠፈች ብጣሽ ወረቀት አወጡ። ከነሙሉ ስማቸውም፣ ከቤት ቁጥራቸውም በፊት እሷን ሰጡት።

«ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በምስክሮች ፊት ተነበበ» ይላል።

«እሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ እማማ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «አንተ ግን መጀመሪያ ጻፈው።»